የደሴው ነጋዴ ሦስት ሰዓት ያቆዩኝ ቀን

ይህ የሆነው ሞባይል ከተማችን መካነ ሰላም በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው። እኔ ስም እንኳ የማልይዝ ዝንጉ ሰው ነኝ፤ ያንን ቀን ግን ልርሳው ብል እምቢ አለኝ። ሐዘኑ ሁሌም ከቁጭት ጋር ነው የሚመጣብኝ።

ታናሽ እህቴ ሀዋ አራት ዓመት ጅዳ ሠርታለች። ከመሄዷ በፊት በሠፈራችን ሰርግ ያለ እሷ ድምፅ አይደምቅም ነበር። ዜማ የማቀናብርበትን ኮምፒውተርም የላከችልኝ እሷ ናት። «አንተ ዜማውን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ፤ ስመጣ እቤታችን ቁጭ ብለን ድምፄን እንቀዳለን» ትለኝ ነበር። ልትመጣ አሥራ አምስት ቀን ሲቀራት የጎደለን የሙዚቃ ኪቦርድ ብቻ ነበር። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ውድ ዕቃ አቅሜ አይደለም። እሷም «ርካሹን ግዛ፣ አትጨነቅ» ብላኛለች።

ደሴ ሄጄ አጎቴ ቤት አደርኩ። ጠዋት አጎቴ ወደሚያውቋቸው ነጋዴ ላኩኝ። ጋሽ ተስፋዬ ይባላሉ፤ በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሦስት ኪቦርድ አወጡልኝ። አንዱ ትልቅ፣ የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው፤ ዋጋው አይቀመስም። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ሁለት ቁልፉ የማይሠራ። ሦስተኛው ትንሽ፣ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ካልተያያዘ ትንፍሽ የማይል።

«ኮምፒውተር ካለህ ትንሹ ይበቃሃል፤ ለድምፅ ማጉያ ምን አስከፈለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ስልካቸው ጠራ። ውጭ ወጥተው አናገሩ።

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆኑ። ዕቃውን ከእጄ ተቀብለው «ቆይ፣ ሳትሞክረው አትገዛም» አሉ። ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አያያዙልኝ። ቀጥሎ ትልቁን ሞክር አሉኝ፤ ቀጥሎ ያገለገለውን። ደግሞ ገመዱ ልክ አይደለም ብለው ሌላ ሊፈልጉ ጓዳ ገቡ። ሻይ አዘዙልኝ። መጀመሪያ ላይማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሀዋ የምትወደውን የሰርግ ዜማ እየደጋገምኩ ተጫወትኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መደርደሪያ ይጠርጋሉ።

«እስቲ እህቴን ደውዬ ላማክራት» ብዬ ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። «ተዋት፣ ሥራ ላይ ትሆናለች። ወላሂ እኔው እመርጥልሃለሁ።» ክርስቲያን ሆነው ወላሂ ማለታቸው ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። እጄን መያዛቸው ግን አበሳጨኝ።

እንዲህ ስንል ሦስት ሰዓት ሙሉ አለፈ። እኔ እንደሆንኩ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ። እስከዚያ አንቱ ስላቸው የቆየሁትን ሽማግሌ አንተ አልኳቸው። «ድሃ ስለሆንኩ ነው የምታጉላላኝ? መሸጥ ካልፈለግህ ሱቅህን ዝጋ፤ አንተ ብሎ ነጋዴ» አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። «ልክ ነህ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። «እናትህን ትንሽ አሟታል። መኪና ይዘናል፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ኪቦርዱን ሳልገዛ ወጣሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ደጃችን በሰው ተሞልቶ፣ ለእናቴና ለእኔ መርዶውን ነገሩን። ሀዋ ድንገት ታማ ሆስፒታል ሳትደርስ አርፋለች። ያን ጠዋት ወሬው ከጅዳ ደርሷቸው ለጋሽ ተስፋዬ የደወሉት አጎቴ ነበሩ። ልጁ መርዶውን ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ሰው እስክሰበስብ ድረስ አቆይልኝ ብለዋቸው ነው።

ሀዋ እዚያው ጅዳ ተቀበረች። መቃብሯን አናውቀውም። ድምጿንም አንድ ቀን እንኳ አልቀዳነውም፤ ስትመጣ ስንል ቀረ።

ከዓመት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ደሴ ስሄድ ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል። ጋሽ ተስፋዬ የት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ። መርዶው የተነገረኝ ቀን ዘመዶቼን «ለምን ደበቃችሁኝ» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ያ ቁጣ ወጥቶልኛል፤ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ እህቴ ለእኔ በሕይወት ነበረች። ያቺን ሦስት ሰዓት የሰጡኝን ሰው ነው የሰደብኩት።