ወንድሜን ካርቱም ያስጎበኘሁበት ሳምንት

ካርቱም ብዙ ዘመን የኖረ ሐበሻ ሳይወድ አስጎብኚ ይሆናል። ከአገር የሚመጣ ሁሉ ስልክህን ከአንዱ ዘመድ ተቀብሎ ነው የሚመጣው፤ ከአውቶቡስ እንደወረደ ይደውላል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። የት ልደር? የት ልብላ? ምን ይጠጣል? ምን የሚታይ አለ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን ስልኬ በማላውቀው ቁጥር በጮኸ ቁጥር ትከሻዬ ይወድቅ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ መነጽር ቤት ስሠራ ውዬ፣ ማታ ደግሞ በዚያ ሙቀት "ይኼኛው ነጩ ዓባይ፣ ያኛው ጥቁሩ" እያልኩ መቆም። ወንዙም እኔም ተሰላችተናል።

ከእነዚያ እንግዶች ሁሉ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። የመጣው ጦርነቱ ከመግባቱ በፊት በነበረው የብርድ ወራት ነው፣ ካርቱም ውስጥ ብርድ የሚባል ነገር ካለ። ወንድሜ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ባለ የወይን እርሻ ጉልበቱን ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ግንድ ሲከረክም፣ ሐረግ ሲያስር፣ ዘለላ ሲቆርጥ አረጀ። ሲሸኙት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጡት። ሳይከፍተው አስቀመጠው፤ ከእኔ ጋር ሊከፍተው። ከዚያ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሽሮ ከረጢት ውስጥ ቀብሮ፣ በመተማ በኩል ይዞት ተሻገረ። ፈታሹ ከረጢቱን ቢከፍት ሽሮው አስነጠሰውና "ያላ፣ ያላ" ብሎ አሳለፈው። ይኼን ሁሉ የሰማሁት ግን ጠርሙሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ መናገር አለብኝ። ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ዴም ውስጥ፣ ክፍል ማግኘት አያስቸግርም፤ ካገኙ በኋላ መሰንበቱ ነው የሚከብደው። እኔ በስደት ዘመኔ ከግቢ ግቢ ፍራሽ ተሸክሜ ያልዞርኩበት ሰፈር የለም። አንዱ አከራይ ልጄ ሊያገባ ነው ይላል፣ አንዱ ኪራይ ይጨምራል፣ አንዱ ሐበሻ በቃኝ ይላል። በመጨረሻ ሐጃ የምንላቸው ሱዳናዊት ግቢ ገባሁ። አንዲት ክፍል፣ ከፊቷ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ ውሃ። ፍራሼን አንጥፌ ስጋደም "ከእንግዲህ ከዚህ የሚያወጣኝ ሞት ነው" አልኩ። ሌላ ነገር አልተመኘሁም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ብቸኛ ሰው የሚመኘው ዳግመኛ አለመጓዝን ነው።

ሐጃ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ነገራቸው ሁሉ ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። በገባሁበት ቀን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ቤቴ መጠጥ እንዳይገባ። ከእኔ በፊት የነበረች ተከራይ በድብቅ አረቄ ታወጣ ነበር። አንድ ቀን ቦሊስ መጣ፤ እሷ በጓሮ አመለጠች፣ ግቢው ውስጥ የተገኘው የሐጃ ልጅ ነበርና እሱን ወሰዱት። ጀርባው በጅራፍ ተተልትሎ ተመለሰ። ያን ዕለት ሐጃ ማሉ። ሁለተኛ በዚያ በር መጠጥ ቢገባ ያስገባው ክፍል ተከራይ ይወጣል፣ ማንም ይሁን ማን። ኋላ ሕጉ ላልቷል፣ ክርስቲያን ቢጠጣ አይጠየቅም ተባለ። ሐጃ ግቢ ውስጥ ግን ሕጉ ሐጃ ነበሩ።

እንግዲህ ወንድሜ በመጣ በማግስቱ እኔ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ከኒሙ ሥር ወንበር ላይ ተደላድሎ አገኘሁት፤ ፊቱ በርቷል።

"ለአከራይህ እጅ መንሻ ሰጠሁልህ" አለኝ።

"ምን ሰጠሃቸው?"

የጠርሙሱን ታሪክ ከሽኝቱ እስከ ሽሮው አወራልኝ። "ላንተ ነበር ያመጣሁት። ሴትየዋ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ቁርስ ይዘውልኝ መጡ። 'እንደምን አደርክ' አሉኝ። ባዶ እጄን ሰው ቤት ገብቼ ምን ልሁን? በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። 'እግዜር ይስጥልኝ' ብለው ተቀበሉኝ። ጎንደሬ ናቸው አይደል?"

ነጠላ ያለው ነጭ ቶብ ነው፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት። አማርኛውን ያስተማራቸው የተከራይ ብዛት ነው፤ ሰላምታና ምስጋና ያውቃሉ፣ ሌላ አያውቁም። ወንድሜ ዴም ውስጥ ከሐበሻ በቀር ሰው ያለ አልመሰለውም። ባልፈርድበትም ብሽቅ አልኩ። ግን ፊቱን ሳየው ምን ብዬ ልናገር?

"እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው" አልኩት፤ ሐሰት አልነበረም።

የነበረኝ ምርጫ ሁለት ነው። ዝም ብል ሐጃ ያን ነገር ይጠጡታል፣ ወይም ዓርብ ለሚመጡት የልጅ ልጆቻቸው ይቀዱላቸዋል። ብናገር ቤቴ ሄደ። ቆሜ ብዙ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። ለዓመታት በጾሜ ምስር ሠርተው የላኩልኝን ሴት እምነታቸው የከለከለውን አጠጥቼ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ? ወደ በራቸው ሄጄ አንኳኳሁና በዐረብኛ ነገርኳቸው።

"ሐጃ፣ እንግዳዬ የሰጠዎት ጠርሙስ የፍሬ ጭማቂ ሸርባት አይደለም። ኸምር ነው፣ የሚያሰክር መጠጥ።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "አስተግፊሩላህ። የወይን ፍሬ ሥዕል አይቼ ለልጆቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።"

"እሱ እስላም መሆንዎን አላወቀም። አከብራለሁ ብሎ ነው።"

"አውቃለሁ። በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ።"

ጠርሙሱን በፎጣ ይዘው አወጡና ሰጡኝ፤ ሽንት ቤት ወስጄ እንድደፋው በእጃቸው አመለከቱኝ። ወንድሜ ክፍሌ ውስጥ እግሩን እየታጠበ ነበር። ቡሹን በቢላ ወደ ውስጥ ገፍቼ የወንድሜን ዕድሜ ቁልቁል ደፋሁት። ለመቅመስ እንኳ አልደፈርኩም፤ ሐጃ በር ላይ ቆመዋል። ሽታው ግን ደረሰኝ፣ ደስ የሚል ሽታ ነበር፣ አንጀቴን በላው። ባዶውን ጠርሙስ ከግቢው ውጭ ጣልኩና ተመለስኩ።

"እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ይባርክህ" አሉኝ ሐጃ። "ግን ወላሂ ብዬ ምያለሁ። ያኔ ያየሁትን የልጄን ጀርባ አልረሳም። ወንድምህ ምንም አላጠፋም፤ ደይፍ ነው፣ እንግዳ። እሱ እያለ አንድ ቃል አይወጣኝም። ሲሄድ ግን ክፍሌን ትለቅልኛለህ።"

አልተከራከርኩም። ክርክር ጉልበት ይጠይቃል፤ የፈሰሰም አይታፈስም። ያን ማታ ሐጃ ለእንግዳው ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውንና ወጥ በትሪ ላኩ፤ ሁለት ዓይነት ወጥ። ወንድሜ እያጣጣመ በላና "ወይኗን ወደዷት?" አለኝ።

"በጣም" አልኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ በልቤ። የሚያመውን ጉልበቱን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው "ከቤት አስወጣኸኝ" ብዬ ልሸኘው ነው? ከዚያ ወዲህ ስለ ጠርሙሱ አላነሳም፤ ረሳው ብዬ ተገላገልኩ።

ጭንቁ ግን ጊዜ ነበር። ወንድሜ እስኪሄድ ክፍል ካላገኘሁ ፍራሼን ተሸክሜ የት ልሄድ? እሱን ትቼ ቤት ፍለጋ ብዞር ደግሞ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ጠመድኳቸው። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ የማውቀውን ሰምሳር ማለትም የቤት ደላላ ጠራሁ፣ ለወንድሜ "ወዳጄ ነው፣ ከተማውን አብሮን ያዞርሃል" አልኩት። ደላላው አማርኛ አይሰማም፣ ወንድሜ ዐረብኛ አይሰማም። በመካከላቸው ሆኜ ለአንዱ ኪራይ እየተከራከርኩ ለሌላው ታሪክ እነግራለሁ። እንዲህ የደከምኩበት ጊዜ አላስታውስም።

ከዴም ጀመርን። ደላላው ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ከፈተልን። "ይኼ የድሮ የካርቱም ቤት አሠራር ነው" አልኩት ወንድሜን። ግድግዳውን በእጁ ጀርባ ዳሰሰና "ትኩስ ነው" አለ። ምሳ ሐበሻ ምግብ ቤት አበላሁት፤ የበላው የአገሩን ሽሮ ነው፣ ዋጋው ግን የባዕድ አገር። ከዚያ ከዛፍ ሥር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥንና ከርከዴ፣ ከአበባ የሚፈላ ቀይ ቀዝቃዛ መጠጥ፣ አዘዝኩለት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ አሸተተው፣ ተጎነጨ።

"መልኩ ደርሷል" አለ። "ዋናው ነገር ቀርቷል።"

እሱም በተራው ስለ አገሩ ያወራልኛል። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በመኪና እየመጡ የወይኑን እርሻ የሚጎበኙ ሰዎች አሉ። ሐይቁ ዳር ያድራሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ከየጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ እየቀመሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከሐረጉ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። "አንድም ቀን ይኼ ወይን ላንተ ምን ይመስልሃል ብሎ የጠየቀኝ የለም" አለ እየሳቀ። "እኔን ሲያዩ ፎቶው ውስጥ እንዳልገባ በእጃቸው ገለል ያደርጉኛል። አሁን ደግሞ እግዜር ይመስገን፣ እኔም በተራዬ ጎብኚ ሆንኩ።"

ይኼን ሲለኝ አፈርኩ። የማሳየው አገር ሳይሆን የኪራይ ቤት ነዋ።

በማግስቱ ሱቅ ዐረቢ አጠገብ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ከታች ሚኒባስ ጠሪዎቹ ጉሮሯቸው እስኪበጠስ ይጮኻሉ። "ከዚህ ሆኖ ገበያው ሁሉ ይታያል" አልኩ። ወንድሜ ጉልበቱን ይዞ እየተነፈሰ በመስኮት አየና "ይታያል፣ ይሰማልም" አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ዓባዮች ወደሚገናኙበት ወሰድኩት። ለስንቱ ያሳየሁትን አሳየሁት። የእኛውን ውሃ ጠቆምኩለት፤ አየውና "ደክሞታል" አለ፤ "መንገዱ ሩቅ ነው።"

ሦስተኛው ክፍል ቡሪ የሚባል ሰፈር ነበር። ባለቤቱ ነገር የማያበዛ ሽማግሌ ነው። ወንድሜ ሳይጠየቅ ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ጠበቀ፣ ዘጋው። ጣራውን አንጋጦ አየ። መስኮቱን ከፍቶ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ በእጁ ጠየቀ። "ባክህ ወንድም ጋሼ፣ የሰው ቤት ነው" አልኩት ተሳቅቄ። ገበሬ የነካውን ሳይፈትሽ አያልፍም ብዬ ነው የተረጎምኩት። ከዚያ ዓባይ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በላን። "የእኛ ሐይቅ ይበልጣል" አለና አጥንቱን ብቻ አስቀረ።

የሚሄድ ቀን ሐጃ በር ድረስ ወጥተው ለመንገዱ ተምር ሰጡት። እሱ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ያዘ፣ ረዘም አድርጎ። ሐጃ ወደ እኔ አላዩም። የያዝኩት ቤት እስከዚያች ሰዓት አልነበረም፤ ሦስቱም በሐሳቤ ተደበላልቀው ደክሞኝ ነበር።

አውቶቡሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ ጥላ ሥር ቆምን። ሻንጣውን አስጭኜ ስመለስ ወንድሜ ሩቅ እያየ፣

"የቡሪው ይሻልሃል" አለኝ።

"የቡሪው ምን?"

"ክፍሉ ነዋ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው በበጋ ይጠብስሃል። ፎቁ ለጉልበት አይሆንም፤ ያንተም እንደ እኔ ይጀምርሃል። የቡሪው ውሃው ይወርዳል፣ ጣራው አያፈስም፣ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል።"

ዞሬ አየሁት። "ከመቼ ጀምሮ አወቅክ?" አልኩት።

"ጠርሙሱን በሰጠሁ ማግስት ጠዋት ሽንት ቤት ገባሁ። ዕድሜ ልኬን ሳሸተው የኖርኩትን ነገር እዚያ አጣዋለሁ? ስወጣ ደግሞ ሴትየዋ ከዛፉ ሥር ይሰግዳሉ። ከዚያ አንተ ከሰው ቤት ሰው ቤት ታዞረኝ ጀመር። ልጄ፣ አገር የሚያሳይ ሰው የኪራይ ክፍል አያስከፍትም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንተ ዝም ስትል እንዳላሳፍርህ። ደግሞ አብሬህ ብመርጥ ይሻላል አልኩ።"

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ወንድሜ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ዞረ። ፊቱ ላይ ያን ሁሉ ቀን የደበቀውን ጸጸት ያኔ አየሁት።

"ከቤትህ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ፣ አይደል?"

"አይደለህም" አልኩት። "አንተ ሳትመጣም ልለቅ አስቤ ነበር።"

እንዳላመነኝ አየሁ። ቢሆንም ራሱን ነቀነቀና ገባ። ያን ሳምንት ከሠራሁት ሁሉ ያልደከመኝ ያ ውሸት ብቻ ነው።