ሳጥኑ ላይ የተጻፈው

መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ምርቃት እቀርጻለሁ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። አንድ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ደጁን ውኃ ስረጭ አንድ ሽማግሌ መጡ። አወቅኋቸው። ከአራት ዓመት በፊት የሴት ልጃቸውን ሰርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ጊራና በኩል ፓፓያና ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውኃ አቀረብኩላቸው፣ አልጠጡም።

«ወንዱን ልጄን ታስታውሰዋለህ?»

«የሙሽራዋን ወንድም? እንዴት አላስታውሰውም፤ እንግዳውን ሁሉ ያስተናገደው እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው። ባሕር ላይ ቀረ።»

ብዙ አላብራሩም፤ ማብራራትም አያስፈልጋቸውም ነበር። በእኛ አገር ልጅ ያልሄደበት ቤት የለም። የሳቸውም ልጅ በጅቡቲ አድርጎ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ከተረፉት አንዱ ስልክ ደውሎ ነገራቸው። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ሰዎች መጥተው ለቅሶ ደርሰው፣ ዱዓ አድርገው ሄዱ፤ ያ ነው ቀብሩ።

«መልኩን እንኳ በመታወቂያው ፎቶ ታየዋለች» አሉ ሽማግሌው ስለ ባለቤታቸው ሲነግሩኝ። «ድምፁ ነው የጠፋባት። ‹ድምፁን ረሳሁት፣ እናት ሆኜ እንዴት ረሳሁት› እያለች ታለቅሳለች። አንተ የሰጠኸንን የሰርግ ፊልም ደጋግመን አየነው። እሱ እዚያ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያልፍ ብቻ ነው ያለ።»

እውነታቸውን ነው። ለቤተሰብ የምንሰጠው ተቆርጦ፣ ዘፈን ተጭኖበት፣ አንድ ሰዓት ብቻ የቀረውን ነው። ያልተቆረጠው ግን እኔ ጋ ነበረ። ሁለት ቀን ሙሉ የቀረጽኩትን ሳላጠፋ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሚሰካ ሀርድ ዲስክ አስቀምጬው ነበር።

«አባባ፣ አሥራ አምስት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። «እሱ ያለበትን ሁሉ ለብቻው አውጥቼ፣ ድምፁን አጥርቼ እሰጥዎታለሁ።»

ብድግ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። የሚበልጠኝ ሰው እጄን እንደዚያ ሲይዘኝ አፈርኩ።

የዚያኑ ዕለት ዲስኩን ከፍቼ ፈለግሁት። አለ። ትሪ ተሸክሞ ሲገባ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሲቀልድ፣ ሲጨፍር፣ እህቱ ልትሄድ ስትል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ካሜራው ፊት ተደቅኖ ይናገራል። ነገር ግን ምስሉ የተቀረጸው ያኔ ተከራይቼው በነበረ ትልቅ ካሜራ ስለሆነ ኮምፒውተሬ መሸከም አቃተው። አንድ ደቂቃ ለማየት አሥር ጊዜ ይቆማል፤ ድምፁና ከንፈሩ አይገናኙም። ያኔ ፊልሙን የቆረጥኩት በካሜራው ባለቤት ኮምፒውተር ስለነበር፣ ለወትሮው ደግሞ ለሰርግ ሥራ ቀለል ያለ ካሜራ ስለምጠቀም ችግሩ ታይቶኝ አያውቅም። ምስል እንዲሸከም የሚያግዘው ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገው ነበር፤ ልገዛው ካሰብኩም ቆይቻለሁ፤ ለራሴም ሥራ ይሆነኛል ብዬ ለመግዛት ወሰንኩ።

መጀመሪያ በስልኬ ቴሌግራም ላይ ፈለግሁ። የሚሸጡት ሁሉ የካርዱን ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ስሙን ይጽፋሉ፣ ዋጋው ጋ ሲደርሱ ግን «ለዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ። በውስጥ መስመር ስጠይቅ አንዱ «ስንት ይዘሃል?» አለኝ። ሌላው ጠዋት አንድ ዋጋ ነግሮኝ ከሰዓት በኋላ «እሱ የዩዝዱ፣ ያገለገለው ዋጋ ነው» ብሎ ጨመረበት። ዓይቼ ብገዛ ይሻላል ብዬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወልድያ ሄድኩ።

የገባሁበት የኮምፒውተር መደብር መስታወት ውስጥ ሦስት ሳጥኖች ተደርድረዋል። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፏል። አንደኛው ከቁጥሩ በኋላ ሁለት ፊደል አለው፣ ሁለተኛው አንድ፣ ሦስተኛው ምንም የለውም። ሦስቱም ላይ «4 ጂቢ» የሚለው በትልቁ አለ። ዋጋው በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ሃያ ሁለት ሺህ፣ ሃያ ስድስት ሺህ። እኔ ፊደሉ ሲበዛ ዋጋውም ይጨምራል ብዬ ነበር። ከሁሉ የተወደደው ግን ምንም ፊደል የሌለው ነው።

ባለሱቁ እኔን የሚያህል፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነው።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሦስቱም ጥሩ ናቸው።»

«ኦሪጅናል ናቸው?»

«ኦሪጅናል ናቸው።»

«ታዲያ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?»

«ይኼኛው ኦሪጅናል ነው» አለ ርካሹን እየጠቆመ፤ ከዚያ ወደ ውዱ ዞረና «ይኼኛው ደግሞ ኦሪጅናል ኦሪጅናል ነው።»

«መካከለኛውስ?»

«የዱባይ ነው። ስላይትሊ ዩዝድ። እንደ አዲስ ቁጠረው።»

ሳጥኑ ግን በላስቲክ እንደታሸገ ነው። ያገለገለ ዕቃ እንዴት ታሽጎ ይመጣል ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና አላዋቂ እንዳልመስል ተውኩት። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያ ሰው ፊት ዐዋቂ መምሰል ምን ያደርግልኝ ነበር? ሃያ ሁለት ሺህ ያለውን አስከፈትኩት። ካርዱ ሲወጣ ጀርባው ላይ ስሙና ቁጥሩ ያለበት አዲስ ተለጣፊ ወረቀት አለው፤ ከሳጥኑ ጋር አንድ ነው። ጫፉ ላይ ግን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አየሁ። ሳጥኑን አገላብጬ አነበብኩ። ተጨማሪ ገመድ እንደማያስፈልገው፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ሦስት መቶ ዋት ካለው እንደሚበቃው ተጽፏል።

«ሳጥኑ አያስፈልገውም ይላል፤ ይኼ ግን መሰኪያ አለው» አልኩት።

«እሱ የፊተኛው ስሪት ነው። ይኼ የተሻሻለው ነው። አስማሚ ገመድ በነፃ እሰጥሃለሁ።»

በነፃ ስላለኝ ደስ አለኝ። ደረሰኝ ከፈለግሁ ዋጋው እንደሚጨምር ነገረኝ፤ ያለ ደረሰኝ ወሰድኩት።

ሱቄ ገብቼ ገጠምኩት፤ ሠራ። ፕሮግራሙም የካርዱን ስም እንደ ሳጥኑ አድርጎ አነበበልኝ። ልጁ ስክሪኑ ላይ ሳይቆራረጥ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁም ከከንፈሩ ጋር ገጠመ። ሥራው እንዲፈጥንልኝ የሰርጉን ምስል ከውጭው ዲስክ ወደ ኮምፒውተሩ አዛወርኩት። ኮፒ አላደረግሁትም፤ ከት ነው ያደረግሁት፤ የውጭው ዲስክ ላይ ምንም አልቀረም። ቅዳሜ ሲሪንቃ ላይ ሰርግ ነበረብኝ፣ የውጭው ዲስክ ባዶ ሆኖ ያስፈልገኝ ነበር፣ አዲስ መግዛቱን ደግሞ ለሌላ ጊዜ አሳድሬው ነበር። ቅዳሜ ሲሪንቃ ሄጄ ያንን ዲስክ በሌላ ሰው ሰርግ ሞላሁት።

ሰኞ ረፋድ ላይ እየሠራሁ ሳለ ካርዱ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ትንሽ ላሳርፈው ብዬ እጄን ወደ ማጥፊያው ስዘረጋ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ጎረቤቴ የሆነችው ልብስ ሰፊ «ምን ተቃጠለ?» ብላ ብቅ አለች። «ምንም» አልኳት።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በጆንያ ጠቅልዬ ወልድያ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ፈቶ ሲያየው ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል፤ ሲቃጠል ደግሞ የላከው ኃይል ሀርድ ዲስኩንም፣ ሁሉ የሚሰካበትን ማዘር ቦርዱንም ይዞ ሄዷል። ከዚያ ካርዱን አነሳና ተለጣፊውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከሥር ሌላ ተለጣፊ ወጣ፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ቁጥር።

«ይኼ የድሮ ካርድ ነው» አለኝ። «ስሙን በሶፍትዌር ለውጠውታል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙም ይሳሳታል። የሚበላው ኃይል ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው እጥፍ ሳይሆን አይቀርም። ያንተ ፓወር እንዴት ይቻለው?»

«ዲስኩ ላይ ያለውስ? ሌላው ይቅር፣ እሱ ብቻ ቢወጣ?»

ሁለት ቀን ሞከረ። ከሌላ ዲስክ ቦርድ ነቅሎ ገጠመለት። አዲስ አበባ የሚያውቀው ሰው ጋም ልኮ አስሞከረልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደወለልኝና «ወንድሜ፣ ተስፋ አታድርግ» አለኝ።

ካርዱን ይዤ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። እንደምጮህ አውቄ ነበር የገባሁት። የተፋቀውን ተለጣፊ አሳየሁት፤ ከሥር ያለውንም። ትክ ብሎ አየው።

«አልተከፈተም ነበር፤ አንተ ፊት ነው የከፈትኩት» አለ።

«ታዲያ ምን እየሸጥክ ነው?»

«እኔም ካርቶኑን ነው የምገዛው። ከአዲስ አበባ ይጭኑልኛል፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን አንብቤ ዋጋ እለጥፋለሁ። ውስጡን እኔ የት አውቄው?»

«ኦሪጅናል ነው አላልከኝም?»

«እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

መጮህ አቃተኝ። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው አይመስልም። ገንዘብ እንደማይመልስ፣ ነገር ግን በሌላ ዕቃ ሊቀይርልኝ እንደሚችል ነገረኝ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ሳጥኖች አሉ፤ በወሰድኩት ቦታ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ተተክቷል፣ ፕላስተሩም ላይ ዋጋው ጨምሯል። ስለ ልጁ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ስለ ባሕሩ፣ ስለ እናቱ። ግን ተውኩት። ደግሞስ ምስሉን ከት ያደረግሁት እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ዲስኩን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

አሥራ አምስቱ ቀን ሲሞላ ሽማግሌው እስኪመጡ አልጠበቅሁም። በባጃጅ እስከ ቤታቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ስገባ ግን ቤቱ ተጠርጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘሁት። ከጎረቤት ቴሌቪዥን ተውሰው ከሣጥን ላይ አስቀምጠዋል። ያቺ የቀረጽኳት ሙሽራም ከባሏ ቤት መጥታለች፤ ሕፃን ታቅፋለች። እናትየው በግድግዳው በኩል ተቀምጠዋል።

ሽማግሌው ፊቴን አዩና «ምነው ልጄ?» አሉ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ካርዱ ስጀምር እንዳልገባቸው አየሁ፤ ስለ ሳጥኑና ስለ ተለጣፊው ማስረዳቴ ራሱ ጥፋቴን ለመሸፈን እንደሆነ ተሰማኝና አቆምኩ። «ተቃጠለ» አልኩ። «ሌላ ቅጂ መያዝ ነበረብኝ፣ አልያዝኩም።»

«ድምፁም?» አሉ እናትየው።

«ድምፁም፣ እማማ።»

ሙሽራዋ ተነስታ ሕፃኑን ይዛ ወጣች። ሽማግሌው «ቀደር ነው፤ አላህ ያለው ሆነ» አሉ፤ ግን ዓይኔን ሳያዩኝ ነው። ልሂድ ስል እናትየው በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንተ ግን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሲናገር?»

«ሲናገርም።»

«ምን አለ?»

እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ካሜራው ፊት መጥቶ ‹እናቴን ቅረጻት፤ ነገ አላለቀስኩም ብላ ትክዳለች› አለኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እየሳቀ ነው?»

«እየሳቀ።»

ይኼን ስል እርግጠኛ አልነበርኩም። ሳቅ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ከካሜራው ጀርባ የሳቅሁት እኔ ልሁን እሱ፣ ለይቼ አላስታውስም። «እየሳቀ» አልኳቸው እንጂ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት። ድምፁ ወፍራም ነበር ወይ አሉኝ፤ ደህና ነበር አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እናትየው ገበያ ሲወርዱ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ወንበሩ ላይ ሆነው፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው ካለ እስኪወጣ ጠብቀው፣ «እስቲ ንገረኝ» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ያለፈው ሳምንት «እናቴን ቅረጻት፤ ነገ አላለቀስኩም ትላለች» አልኩ።

«ያኔ እንደዚህ አላልክም» አሉኝ። «‹ብላ ትክዳለች› ነው ያልከው።»

«ልክ ነዎት፣ እማማ» አልኳቸው።

ልክ መሆናቸውን ግን አላውቅም። የትኛውን እንዳለ አላስታውስም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የገዙትን ዘይት አንስተው ወጡ፤ እኔም ቀጣዩን ሰው ነጩ ጨርቅ ፊት እንዲቀመጥ ነገርኩት።