አክስቴ የቆሙበት በር

ዓረብ አገር፣ አሽ-ሹቀይቅ ከተማ ባለው የጽዳት ሠራተኞች ማደሪያችን፣ በእኛ ስም ከአለቃው ከሙዲሩ ጋር የሚነጋገሩት አክስቴ ነበሩ። ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆማሉ። «ኧረ እትዬ፣ ይቀመጡ!» ስንላቸው፣ «የተባልኩትን ሳልነግራችሁ? መረጣችሁኝ እንጂ አላነገሣችሁኝም» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ የጁምዓ እረፍታችን ወደ ቅዳሜ እንዲዛወር ተስማምተው መጡ። ከሁላችን ታናሿ ዘሀራ፣ «እትዬ፣ እኛ እንዲህ በሉ አላልንዎትም» አለቻቸው። ትልቅ ሰው ተደፈረ ብለን ደነገጥን። እሳቸው ግን ሳቁ። «ኸላስ፣ በቃ፣ እውነቷን ነው» ብለው ከቆሙበት ዞረው ሄዱ፤ ጁምዓችንንም አስመለሱ።

ካረፉ በኋላ በእሳቸው ቦታ የመረጥነው ዘሀራን ነው። ትናንት ከሙዲሩ ስትመለስ፣ ባዶ የሰነበተው በር ላይ መጥታ ቆመች። ደስ አለኝ። ተቀመጪ ያላት ግን የለም፤ መጀመሪያ ትንገረን።