ቅቤ የተቀባው ሰዓት

ያሰሩን የቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የጤፍ ብናኝና የአይጥ ሽታ ነው። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር ካለች ስንጥቅ ብቻ ትንሽ ብርሃን ይገባል። ያን ባየሁ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም። ትንሿን ልጄን ለጎረቤት ትቼ ነበርና፣ የምትደርበው ጋቢ አውጥቼላት ይሆን ወይስ ረስቼው እያልኩ ነበር።

የታሰርኩት በትልቁ ልጄ ነው። ተማሪ ነበር። ወረቀት በትኗል ተብሎ ሲፈለግ ከፋሲካ በኋላ ከቤት ወጣ። ሲቸግርህ ትሸጠዋለህ ብዬ ሟቹ አባቱ የተወውን የኪስ ሰዓት ሰጠሁት። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም። እኔ ግን አውቄዋለሁ። ከጋፋት ወዲያ ገጠር ከምትኖረው ከታላቅ እኅቴ ቤት በቀር መጠጊያ አልነበረውም። እኅቴ ባል አላት፣ ልጆች አሏት። የሚፈለግ ሰው ያስጠጋ ምን እንደሚደረግ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በጠየቁኝ ቁጥር አላውቅም እላለሁ። በእንቅልፍ ልቤ እንዳልናገር እየፈራሁ ነጠላዬን አፌ ላይ አስሬ ነበር የምተኛው።

አብረውኝ ከነበሩት ሁለቱን አልረሳም። አንዷ ጠላ ሻጭ ናት፤ ቤትሽ ሰው አምሽቷል ተብላ ነው የመጣች። ሌላዋ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ናቸው፤ እትዬ እንላቸው ነበር። ባላቸው ገበያው ውስጥ ሰዓት ይጠግኑ ነበር። ወደ ጎንደር ተወሰዱ ከተባለ ወዲህ ወሬያቸው አልተሰማም።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቀበሌው ኃላፊ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የባሌ ሰዓት ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ የተቀረጸውን ስሙን ገና ከበሩ አየሁት።

"ታውቂዋለሽ?"

"የባሌ ነው፣ ጌታዬ።"

"ከልጅሽ ኪስ የወጣ ነው። ክረምት ሳይገባ ርብ ወንዝ ዳር ተመቶ ሞቷል። እስካሁን ያልነገርንሽ አዝነንልሽ ነው።"

ሰዓቱን ልነካ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ።

"ከእንግዲህ የምትደብቂው የለም። የት ተጠግቶ እንደነበር ንገሪንና አፅሙን ወስደሽ ቅበሪ። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት።"

መጋዘኑ ስመለስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ጮኾ ማልቀስ ክልክል ስለነበር እንባዬን ጫፉን እየነከስኩ አወረድኩት። ልጄ ያለ ፍትሐት ወንዝ ዳር ወድቆ ታየኝ። ከሞተ ብናገር ምን አለ? እኅቴንስ ስለ ሞተ ሰው ምን ያደርጓታል? እያልኩ ራሴን ማሳመን ጀመርኩ።

"ነገ ልነግራቸው ነው" አልኳቸው።

"ኧረ በወላዲቷ! እነዚህ የተናገሩትን ታምኛለሽ?" አለች ጠላ ሻጯ።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው ራሱ መጣ። በአንድ እጁ ያንኑ ሰዓት፣ በሌላው የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል። በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን እትዬን አንቺ እያለ ጠራቸው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ ሰዓት ሠሪ አይደል? ይኼ ቆሞብኛል። ለነገ ጠዋት አስነሺልኝ።"

ሲወጣ ጠላ ሻጯ ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ፣ "ዓይኔን ግንባር ያርገው! አብዮቱ ሰዓት አምሮታል" አለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እትዬ ሣጥኑን ከፍተው ብዙ ቆዩ። የባላቸው ነበር። ወረንጦው፣ ትንሿ ካቻቪቴ፣ የቤንዚንና የዘይት ብልቃጦች፣ የዶሮ ላባ። አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ከምርመራው ወዲህ አብጠው አልታጠፍ ብለዋል።

"ጥጥ ትፈትይ የለ? ዓይንሽም ደኅና ነው። ነይ፣ እጅ ሁኚኝ" አሉኝ።

"አልችልም እትዬ። የልጄ ነው።"

"ለዚያው ነው ነይ የምልሽ። ሌላ ሰው ከሚነካካው።"

ከስንጥቁ በሚገባው ብርሃን ሥር ነጠላ ዘርግተን ተቀመጥን። የኋላ ክዳኑን በካቻቪቴዋ ጫፍ ፈለቀቅሁት። ቤት ስከፍተው የኖርኩ ቢሆንም ሆዱን እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ጎማዎች፣ የሚያዞራቸው ሞላ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሌላ ሞላ፣ የጎማዎቹ እግር የሚቆምባቸው ቀያይ ድንጋዮች። እትዬ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ቢስሚላህ! ቅቤ ነው እኮ! ሰዓት ቅቤ የቀባች ማን ናት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ በሐፍረት። "ሲቆምብን በስንደዶ ጫፍ ጠብ አደርግለት ነበር። ይነሣል።"

"ሹሩባም አልሠራሽለት!" አለች ጠላ ሻጯ።

እትዬ አልሳቁም። "ልጁ የት ነበር የሚይዘው?"

"ከሸሚዙ ሥር፣ ገላው ላይ።"

"አዎ። ገላው ሲያሞቀው ቅቤው ይቀልጥና ይሄዳል። ያ ሰውዬ በዚህ ብርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ረጋበት።" ከዚያ ጠጋ ብለው ያዩ ጀመር። "እስቲ በወረንጦው ይኼን ጫሪው። ምን መልክ አለው?"

"አረንጓዴ ነው።"

"ያ ያንቺ ነው። ቅቤ ነሐስ ላይ ወራት ሲከርም እንዲያ ይሆናል። ከላዩ ያለውስ?"

"ቢጫ።"

"አሽትቺው።"

አፍንጫዬ ሥር አደረግሁት። ለጋ ቅቤ ነው። ገና አልከረፋም።

"ይኼ ወር ቢሞላው ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጅሽ መቼ ሞተ አሉሽ?"

"ክረምት ሳይገባ።"

ሦስታችንም ተያየን። እኔ ግን ደስታን ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። "የወሰደበት ሰው ቀብቶት ቢሆንስ?" አልኩ።

"ባሌ ዘንድ ሰው የኑግ ዘይት አጠጥቶ ያመጣል፣ ላምባ አጠጥቶ ያመጣል። ቅቤ ያየሁት ያንቺን ብቻ ነው። የትኛው ላይ ነበር ጠብ የምታደርጊው?"

"ከመካከለኛው ቀይ ድንጋይ ላይ። ከሌላው አላስነካም።"

"አዲሱስ የት ነው ያለው?"

አየሁ። መካከለኛው ድንጋይ ላይ ብቻ ነበር። እቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ያደገ ልጅ ካልሆነ ያን ማን ያውቃል? ጠላ ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። ለኔ የመጣልኝ ሐሳብ ሌላ ነበር። ላም ያለበት ቤት ነው ያለው፣ ይበላል ማለት ነው አልኩ።

ሁሉንም በቤንዚን ማጠብ ነበረብኝ። ከማጠቤ በፊት ያቺን ቢጫ ቅቤ በወረንጦው አነሣኋት። ከጤፍ ፍሬ ብዙ አትበልጥም። ያዘነች ሴት ራሷን ቅቤ አትቀባም። እኔ መሐል አናቴ ላይ ቀባኋት። እትዬ ሻሻቸውን ገፋ አድርገው ራሳቸውን አቀረቡልኝ።

"ለኔም አስነኪኝ። ባልሽ ሞተ ብሎ የነገረኝ የለም።"

ጣቴ ላይ የቀረችውን አስነካኋቸው።

ከዚያ እያሳዩኝ በላባው አጠብኩ፣ የዘይት ጠብታ አደረግሁ፣ ሞላውን ጠመዘዝኩ። ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር መጋዘኑ ጸጥ አለ። ያ ድምፅ ለኃላፊው እንደሚሄድ ሳስብ ደስ አላለኝም።

ጠዋት ኃላፊው ሲመጣ ነጠላዬን እንደ ወትሮው ለብሼ ቆሜ ጠበቅሁት። ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"አሰብሽበት?"

"አላውቅም።" ጌታዬ አላልኩም።

ነጠላዬን አየው። "ሐዘንሽን ጨረስሽ እንዴ?"

"አልጀመርኩም።"

በጥፊ መታኝ። ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ። አናቴን እንዳያይ ቶሎ አንሥቼ ተከናነብኩ። በዚያች ቃሌ ነገሩን አውጥቼው ይሆን፣ ጠርጥሮ ይሆን እያልኩ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እህል አልወረደልኝም። እኅቴ ቤት ግን የሄደ ወታደር አልነበረም።

ስፈታ መጀመሪያ ትንሿን ልጄን አየሁ፣ ቀጥዬ ወደ እኅቴ ወጣሁ። ከማጀት አስገብታኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። "መስቀል ሲቃረብ ሰዓቱ ቆመበት። 'ይፋግ ገበያ ልሸጠው ነው፣ ሲሄድ ካላዩት አይገዙኝም' ብሎ ቅቤ ለመነኝ። በቅጠል ሰጠሁት። እሱን ቀብቶ ወጣ፣ አልተመለሰም።" የገዛው ነጋዴ ኬላ ላይ ሲፈተሽ ተቀማ አሉ። ልጄ ሱዳን ተሻግሯል የሚሉ ነበሩ። ድምፁን ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። የእትዬም ባል አልተመለሱም።

ያቺ የጋቢዋ ነገር ያሳሰበኝ ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። "እማዬ፣ የወንድሜን ተዝካር አውጥተን ይውጣልሽ" ትለኛለች። ለኔ አስባ ነው፣ አልቆጣትም። ቅቤው የነገረኝ ስለ አንድ መስከረም ብቻ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ያም ሆኖ መስቀል በቀረበ ቁጥር ለጋ ቅቤ ገዝቼ መሐል አናቴን እቀባለሁ። የደብረ ታቦር ጠዋት ብርድ ነው፤ ቶሎ አይቀልጥም። እስኪቀልጥ ድረስ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ መንገዱን አያለሁ።