የባህሩ ቢጫ ጂፒኤስ

ባህሩን በስልክ «የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ አይመከርም። ሌላው ሰው «ሺፋ ሰፈር ነኝ፣ መስጊዱ አጠገብ» ብሎ የሚያልፈውን ጥያቄ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሃያ አራት ዲግሪ፣ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ…» እያለ ይጀምርለታል። መንሱራ ሰፈር ያሉት ጓደኞቹ ገና ዲግሪውን ሲሰሙ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሻያቸውን ይጨርሳሉ።

ሰውየው የቆቦ ልጅ ነው። ሪያድ ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ዓመት የነዳው ለአንድ ቤት፣ ለአቡ ዑስማን ቤት ነው። ብርዱ ሲገባ የዚያ ቤት ወንዶች በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ በሁለት መኪና ወደ በረሃ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት አቡ ዑስማን ዓይናቸው ትናንሽ ጽሑፍ አልይዝ ቢላቸው በእጅ የሚያዝ አንድ ቢጫ ጂፒኤስ ለባህሩ ሰጡት። እንደ ልብስ ሳሙና የወፈረ፣ አምስት ቁልፍ ያለው፣ ስክሪኑ የዝናብ ቀን ሰማይ የመሰለ። ከራሱ በላይ ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ባህሩ የት እንደቆመ ለባህሩ መንገራቸው እስከ ዛሬ ይደንቀዋል። እናቱ እንኳ የሚኖርበትን ሰፈር ስም በትክክል አትይዝለትም።

ቢጫው ታዲያ አይቸኩልም። ራሱን ለማግኘት አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ባህሩ ከከተማው ጫፍ ካለው ማደያ ጎን ይቆምና እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ሳተላይቶቹ እንደ ወፍ ይበሩ ይመስል፣ በሌላው እጁ ዝም በሉ ይላል። ባለ ቤቶቹም ዝም ይላሉ። ለእነዚያ ደቂቃዎች ሁለት መኪና ሙሉ ሰው አፉን ዘግቶ ባህሩን ያያል። ከዚያ ፊተኛውን መኪና የሚነዳው፣ መንገዱን የሚያወጣው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ከደመወዙ ላይ ቢቀነስበት እንኳ አያጉረመርምም።

ቢጫው ላይ ለመዘገባቸው ቦታዎች ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። መሣሪያው ከስድስት ፊደል በላይ ስለማይቀበል ባህሩ አጫጭር ስም ያላቸውን የራሱን ሰዎች በላቲን ፊደል በረሃው ላይ ዘራቸው። ተወጥቶ የማያልቀው የአሸዋ ኮረብታ በአጎቱ በነስሩ ተጠራ።

ዘንድሮ ግን የአቡ ዑስማን ልጅ ዑስማን አዲስ ጂፒኤስ ገዝቶ መጣ። በጣት የሚነካ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ኮረብታና ሸለቆውን የሚያሳይ ካርታ።

«ከእንግዲህ እኔ ፊት እነዳለሁ» አለ ዑስማን። «ባህሩ ቤት ይቀመጥና እናቴን ገበያ ያድርሳት።»

አቡ ዑስማን ፈረዱ። ዝናቡ ከዘነበ ወር አልፎታል፤ አሸዋው ውስጥ እንደ ድንች የሚያብጠው ፈግዕ የሚባለው እንጉዳይ ደርሷል። ሐሙስ ዕለት አምና ፈግዕ ያገኙበት ቦታ የሚሄዱት በአዲሱ ነው፤ ባህሩ ኋላኛውን መኪና ይነዳል። አዲሱ ካደረሳቸው ፊተኛው መኪና የዑስማን ይሆናል።

ባህሩ ሁለቱን መሣሪያዎች ይዞ ወደ ኩሽናው በር ሄደ። ፍቅርተ የዚያው ቤት ምግብ አብሳይ ናት። እህቴ ይላታል፣ ወንድሜ ትለዋለች። ሁለቱን እኩል ከፍተው በሩ ደፍ ላይ አስቀመጧቸው።

«አዲሱ አገኘ» አለች ፍቅርተ፣ ሽንኩርቷን ሳትጨርስ።

«ችኩል ነው።»

«ያንተውስ?»

«እያሰበ ነው።»

«አስቦ እስኪጨርስ ሩዙ ይበስላል።»

«አዲሱ የአራት ወገን ሳተላይት ነው የሚሰማው፣ እህቴ፤ የአሜሪካ፣ የሩሲያ፣ የአውሮፓ፣ የቻይና። የኔ ታማኝ ነው፤ አንዱን ብቻ ነው የሚሰማ።»

«ደንቆሮ ነው በለኛ፣ ወንድሜ።»

«ቀለሙ አያታልልሽ። የእሱ ባትሪ ካለቀ ቻርጀር ካልተገኘ አለቀለት። የኔ በየሱቁ የሚሸጥ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። መለዋወጫ ደግሞ በትንሽ ሻንጣ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ አለኝ።»

ፍቅርተ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሦስት ቀን ቆሞ የሰነበተው የኩሽና ሰዓት ከራሷ በላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ባህሩ ልብ አላለውም።

ሐሙስ ዑስማን «ያላ፣ ቁጥሩን አንብብልኝ» አለው። ባህሩ ከቢጫው ላይ አነበበ፦ ሃያ አምስት ዲግሪ፣ አርባ አንድ ነጥብ ሦስት ደቂቃ። ባህሩ እያየው ዑስማን ከሃያ አምስቱ በኋላ ነጥብ አድርጎ አርባ አንድ ሦስት ብሎ ጻፈ። ስልሳ ደቂቃ አንድ ዲግሪ መሆኑ ተረስቶ፣ ደቂቃው የዲግሪ አስርዮሽ ሆኖ ገባ።

«ዑስማን፣ እሱ እኮ ደቂቃ…»

«ኸላስ፣ ገብቶኛል።»

ባህሩ አፉን ዘጋ። ከሚገባው በላይ ደስ ብሎት ዘጋው፤ ይህንንም ራሱ ያውቀዋል።

አዲሱ መሣሪያ እንከን አልነበረበትም። ሳይወላውል፣ አንዴም ሳይጠፋ፣ በሦስት ሜትር ልዩነት አደረሳቸው። ያደረሳቸው ግን የአንድ ዶሮ እርባታ የብረት በር ላይ ነው። ሁለቱ መኪኖች ቆሙ። ከአጥሩ ጀርባ ብዙ ሺህ ዶሮ አንድ ላይ ተንጫጫ። ዑስማን ስክሪኑን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

«ፈግዑ እንቁላል ጥሏል» አሉ አቡ ዑስማን።

ባህሩ የቢጫው ቀን እንደደረሰ አውቆ ከጃኬቱ ኪስ አወጣው። እጁን ዘረጋ። ዑስማንና አባቱ እንደ ድሮው ዝም አሉ፤ ዶሮዎቹ ግን አልተባበሩም። አምስት ደቂቃ አለፈ። ስምንት ደቂቃ ላይ ግራጫው ስክሪን አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ባህሩ የመለዋወጫ ድንጋዮቹን ትንሽ ሻንጣ ከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ፍቅርተ፣ ድንጋዮቼን አይተሻል?»

«ሰዓቱ ቆሞ ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለች። «ደግሞ ስንት ሰዓት ነው ብለህ የምትጠይቀኝ አንተ ነህ።»

ስልኩን ዘጋ። ቢጫውን ኪሱ ከቶ ዑስማንን አዲሱን መሣሪያ ለመነው። የቦታውን ቁጥር እንደ እናቱ ስልክ ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ማስተካከያውን ከፍቶ አጻጻፉን ወደ ዲግሪና ደቂቃ ቀየረና በጣቱ እየነካ አስገባው። ስክሪኑ ቀስቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አለ። ባህሩ በልቡ፣ ማንም ሳይሰማው፣ ጎበዝ ብሎ አመሰገነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። አሸዋው እዚህም እዚያም ተሰንጥቆ አብጧል። ዑስማን በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲቆፍር አባቱ ባህሩን ጎን ጠሩት።

«ልጁ ሲሳሳት አይተሃል?»

ባህሩ መሬት መሬቱን አየ። «አይቻለሁ፣ ዓሚ። ልነግረው ጀምሬ ነበር።»

«ጀምረህ ነበር» አሉ አቡ ዑስማን። «ዶሮ ማየት አምሮህ ኖሯል። እንግዲህ ፊተኛውን መኪና አንተው ንዳ፤ ግን በአዲሱ። ቢጫው ውስጥ ያለውን ሁሉ ደግሞ በእጅህ ወደ አዲሱ ትገለብጣለህ። እያንዳንዱን ቁጥር፣ ከነደቂቃው።»

ስልሳ ሦስት ቦታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባህሩ ለቢጫው ድንጋዮቹን ከሰዓቱ ላይ ተበድሮ ኩሽናው በር ላይ ተቀመጠና ያነብ ጀመር። የእሱ አውራ ጣት አንዱን ፊደል ሲነካ ሦስቱን ስለሚጽፍ የምትጽፈው ፍቅርተ ነበረች። ነስሩን ጻፈች፣ አክስቱን ጻፈች፣ የንስሐ አባቱን ጻፈች። አርባ ስምንተኛው ላይ ባህሩ ማንበቡን አቆመ።

«ምን ሆንክ? ቀጥል።»

«ይሄ ይቅር። አሮጌ ቦታ ነው።»

ቢጫውን ከእጁ ወሰደችና አየች። ስሟ ነበር፤ በላቲን ፊደል፣ ልክ በስድስት።

«እዚህ ምን አለ?»

«መኪናው እስከ በሩ እጀታ አሸዋ ውስጥ የተቀበረበት ነው።»

«የኔን ስም ለዚያ?»

«አራት ሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ ረዳት ጠበቅኩ» አለ ባህሩ። «የቋጠርሽልኝ ምሳ ነበረ። ፀጥ ያለ ቦታ ነው። ሲመጡልኝ፣ ምነው ትንሽ በዘገዩ ብዬ ነበር።»

ፍቅርተ ወደ ሰዓቱ ቀና አለች፤ ሰዓቱ ቆሟል። አዲሱን መሣሪያ ጭኗ ላይ አስተካክላ ስሟን ጻፈች።

«አንብብ እንግዲህ» አለች። «ደቂቃውን እንዳትዘለው። በኔ ስም ሰው ዶሮ እርባታ እንዳይሄድ።»

ባህሩ ደቂቃውን ሁለት ጊዜ አነበበ። እህቴ ማለቱን ግን ረሳው።