ከፊት ያጨበጨቡት

ወንድሜን ጋዜጣ ላይ «ኮሪዮግራፈር»፣ ዳንስ አዘጋጅ ማለታቸው ነው፣ ብለው ጻፉለት። ሰፈር ውስጥ ግን ዛሬም ለሚወዱት ዳንሰኛው ነው፣ ለማይወዱት ያ ሥራ ፈት። እኔ ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም ነበር። አጥቤ፣ አብልቼ፣ ሲያጠፋም ገርፌ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ስለሱ እንዳሻኝ ብናገር የሚቆጣኝ የለም። ቢቆጣም ግድ የለኝም።

ከልጅነቱ መቀመጥ አያውቅም። ሱሪ ስለካው እንኳ እግሩ ዝም አይልም ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የልብስ ሰፊ ወንድም ሆኖ በሰፈሩ እንደሱ ጉልበቱ የተቀደደ ልጅ አልነበረም። አድጎ አውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ ጫኝ ሆነ። አውቶቡሶቹ ሲወጡ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ዘርግተው የሚደንሱ ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን እግር ጥሎት ቆሞ አያቸው፤ ከዚያ ወዲህ እህል ውሃው ዳንስ ሆነ። የሰው ሻንጣ በጀርባው እንደተሸከመ ቆሞ ሲያይ አውቶቡሱ ሄደ፣ ከሥራም ተባረረ። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ለነዚያው ልጆች አስተማሪ ሆኖ አረፈው።

ዳንሱን የሚያዘጋጀው እኔ ቤት ነው። ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮዬን ይዘረግፍና ቁልፎቹን እየገፋ «ይቺ እዚህ ትሄዳለች፣ ይሄ በዚህ ይዞራል» ይላል። ደንበኛ ቁልፉ ጠፍቶ ሲጠብቅ፣ የደንበኛው ቁልፍ ጠረጴዛው መሃል እየደነሰ ነው። ስንቴ ተጣልተንበታል።

ልጆቹ የሚደንሱባት ያቺ የመንገድ ክብ የራሷ ሕግ አላት። ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ ያጨበጭባል፣ አንዱ መሃል ገብቶ ይሽከረከራል። ዓይኑን የጨፈነ ጆሮው ይከፈታል ብሎ ወንድሜ ጨፍነው እንዲሽከረከሩ አስተማራቸው። ታዲያ ዳንሰኛው ሰው ላይ እንዳይወድቅ፣ የቀረበው ወገን ጭብጨባውን ቀጥ ያደርጋል። ዳንሰኛው ዝምታውን ሰምቶ ይመለሳል፣ ወደሚጨበጨብበት ይሄዳል። ጭብጨባ ካለ ቦታ አለ፤ ዝም ካለ እዚያ ጋ ያበቃል። ይህን የጻፈው የለም። ግን የመናኸሪያው ጫማ ጠራጊም፣ ሎተሪ አዟሪም፣ ባለሱቆቹም ያውቁታል። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢያጨበጭብ እንኳ ጎረቤቱ እጁን ይይዘዋል።

ልጄ ይህን ሕግ ከጡቴ ጋር የጠባችው ነው የሚመስለው። አባቷ ጥሎን ከሄደ ወዲህ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ስውል፣ እሷ አጎቷ ጋ ነበር የምትውለው። አድጋ ልጃገረድ ስትሆን እንደሷ የሚሽከረከር ጠፋ። በአንድ እግሯ ቆማ፣ እየዞረች፣ ከክቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ሰው ደረት ላይ ልትለጠፍ ትንሽ ሲቀራት ትመለሳለች። እንዝርት አሏት። በስሟ የምጠራት እኔ ብቻ ቀረሁ።

«ምን አይተሽ ነው የምትመለሺው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አላይም እኮ እማ። ዝም ሲሉኝ ነው የምመለሰው።»

«ዝም ባይሉሽስ?»

«እንዴት ዝም አይሉም? ሰዎች ናቸው እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

ወንድሜ ፖሊስ በመጣ ቁጥር ካርቶን ተሸክሞ መሮጥ መርሮት ነበር። «እነዚህን ልጆች ጣራ ሥር ሳላስገባ አልሞትም» ይላል። የትልቁን ቲያትር ቤት ደጅ ሲጠና ሲጠና፣ ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን መናኸሪያ ድረስ መጥቶ አያቸው። ያየው ግን እንዝርትን ነው። «ይቺ ልጅ ካለች መድረኩን እሰጥሃለሁ» አለው። ወንድሜ ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። «ይቺ ልጅ ካለች» የምትለዋን ነገር ግን ቀልቤ አልወደዳትም።

ልብሳቸውን የምሰፋው እኔ ነኝና ልምምዱ ላይ አልጠፋም። መጀመሪያ ቀን መድረኩ ላይ ወጥቼ ወደ ታች አየሁ። ከመድረኩ ፊት ድሮ ሙዚቀኞች የሚቀመጡበት ጉድጓድ አለ። ለዓመታት በሳንቃ ተከድኖ ኖሯል አሉ። አሁን መብራት ሠራተኛው ሳንቃውን አስነስቶ፣ ታች ትልልቅ መብራቶች ደርድሮበታል። ብርሃኑ ከሥር ሲነሳ የልጄ ፊት ላይ ቀይ ሆኖ ያርፋል።

«አየሽ እትዬ፣ እሳት አፋፍ ላይ የምትደንስ አትመስልም?» አለኝ ወንድሜ።

«ትመስላለች። እሱ ነው ያልጣመኝ።»

«አንቺ ደግሞ ጥሩ ነገር ሲመጣ ትፈሪያለሽ።»

እውነቱን ነው፣ እፈራለሁ። ክቡን ለመድረክ ብሎ ከፍቶታል። ልጆቹ ከኋላዋ በግማሽ ክብ ቆመው ያጨበጭባሉ። ከፊት ግን ተመልካች እንዲያያት ማንም አይቆምም። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ከፊት ጸጥ ያለ ነው። ልጄ እየዞረች ወደ ጠርዙ ትመጣለች፣ ዝምታውን ትሰማለች፣ ትመለሳለች። አንድም ቀን አልሳተችም። እኔ ግን እስክትመለስ ድረስ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ እጠብቃለሁ።

ማታ ቁልፎቹን ሲደረድር ነገሩን አነሳሁበት። ቀይዋ የካፖርት ቁልፍ፣ ልጄ መሆኗ ነው፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበረች።

«መድረኩ ላይ የሚነጠፈውን ላስቲክ ስጠኝ። ከጠርዙ ክንድ ያህል ገባ አድርጌ ወፍራም ገመድ ልስፋበት። እግሯ ሲነካው ታውቃለች።»

«ያደናቅፋታል።»

«ትደናቀፍ። ወድቃ ብትነሳ ይሻላል።»

«እትዬ፣ ልጆቹን ከመንገድ ያመጣኋቸው ገመድ ላስርባቸው ነው?» ድምፁ ጠንከር አለ። «ደግሞስ እዚያ የሚመጣውን ሰው አላየሽውም። ስንት ትርኢት ተመለከትኩ። ክራቫቱን አስሮ፣ ችሎት እንደገባ ሰው ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። የሚያጨበጭበው ሲያልቅ ነው። ከእኛ ሰፈር ሰው ይልቅ የሚያስተማምነው የነሱ ዝምታ ነው።»

ልጄንም ለመንኳት። «አጎቴ ያውቃል» አለችኝ። ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

ትርኢቱ እሁድ ከሰዓት ነበር። ወንድሜ የመናኸሪያውን ሰው ሁሉ ጠርቶ የፊቱን ወንበር ተስፋ ሰጥቷቸዋል። ያን ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ከፊት ለክብር እንግዶች ነው ብሎ የኛን ሰዎች ላይኛው ፎቅ ሰደዳቸው። ወንድሜ ትንሽ ጉርምርም አለና «ዋናው መግባታቸው ነው» ብሎ ተወው። ሎተሪ አዟሪው ያለችውን ኮት ለብሶ፣ ጫማ ጠራጊው የራሱን ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ አብርቶ፣ ደረጃውን ሲወጡ አየኋቸው። ደስ ብሏቸው ነበር።

እኔ ከመጋረጃው ጎን መርፌና ክር ይዤ ቆምኩ፤ ወንድሜ ከወዲያኛው ጎን። ሲጀመር አዳራሹ እሱ እንዳለው ጸጥ አለ። ሳል እንኳ የለም። ልጆቹ አንድ በአንድ ገብተው ሲደንሱ የሚሰማው ሙዚቃውና የጫማቸው ድምፅ ብቻ ነው። ወንድሜ ማዶ ሆኖ በዓይኑ «አላልኩሽም?» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁበት። ከመናኸሪያ ተነስቶ ያን ሁሉ ባለክራቫት ትንፋሽ አስውጦ አስቀመጠው።

ከዚያ እንዝርት ገባች። ዓይኗን ጨፍና መዞር ስትጀምር፣ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊቱ እንደ ሕፃን ፈክቶ አጨበጨበ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አፍሮ የተወ መሰለኝ። ጎኑ ያለችው ሴት ተከተለችው። ከዚያ ረድፉ በሙሉ፣ ከዚያ ከኋላው ያለው። ሰው ደስ ብሎት ነው የሚያጨበጭበው፣ ክፋት የለውም። ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፤ የምረግመው አላጣም ነበር።

ልጄ ወደ ፊት መምጣት ጀመረች። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። እላይ ፎቅ ያሉት የኛ ሰዎችም ያጨበጭቡ ነበር፣ የራሳቸው ልጅ ናት። መድረኩን ስታጋምስ የፎቁ ጭብጨባ በአንዴ ቀጥ አለ። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። የሚያውቁትን አደረጉ። እሷ ግን የምትሰማው ከፊቷ ያለውን ነው፣ ከፊቷ ያለው ደግሞ እየባሰበት ሄደ።

ከኋላ ያሉት ልጆች ገባቸው። ወደነሱ እንድትመለስ ባለ በሌለ ኃይላቸው አጨበጨቡ። እንግዶቹ ይህን ሲሰሙ የጨዋታው ወግ መሰላቸውና ከልጆቹ ጋር እየተፎካከሩ ከወንበራቸው ተነሱ። ስሟን ጠራሁ። ድምፄን እኔም አልሰማሁትም። ወንድሜ ከማዶ ሮጦ መድረኩ ላይ ገባ።

ቀዩ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። ፈገግ ብላ ነበር። ከፊቷ ያን ያህል ቦታ ኖሮ አያውቅማ።

ጉድጓዱ ውስጥ መስታወት ሲሰበር ሰማን፣ ቀዩ መብራት በአንድ በኩል ጠፋ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። «እንዴት ያለ አጨራረስ ነው!» አለች አንዲት ሴት። ወንድሜ ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ ወደ ታች እያየ ይጮሃል፣ እነሱ ለሱም ያጨበጭባሉ።

የጭኗ አጥንትና የግራ ትከሻዋ ተሰበረ፣ የመብራቱ ስብርባሪ ጀርባዋን ቆራርጦታል። ሐኪሙ ትሄዳለች አለኝ። ስለ ዳንስ ስጠይቀው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እንግዲህ ደረሰ። ወንድሜ ከአልጋዋ እግርጌ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ውሃ ስሰጠው ይጠጣል፣ ካልሰጠሁት አይጠይቅም። ጠላሁት። ደግሞ ሸሚዙ ላይ የደረቀውን የልጄን ደም ሳይ፣ አውልቆ ሌላ እንዲለብስ እንደ ሕፃን እቆጣዋለሁ። ሁለቱን ነገር አንድ ሆድ እንዴት እንደሚችለው አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ አበባ ይዞ መጣ። ከልብ ማዘናቸውን፣ ሕክምናውን ቲያትር ቤቱ እንደሚችል ነገረን። አመሰገንኩ። አልሄደም። ወንበር ስቦ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልጄ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች።

«ከተማው የሚያወራው ስለመጨረሻው ነው» አለ። «ትኬት የሚጠይቀው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። እንግዲህ፣ አሁን የምናገርበት ሰዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሌላ ልጅ ብትወድቅ… ማለቴ እንደምትወድቅ ሆና ብትሠራው… ምን ይመስልሃል?»

ወንድሜ አንገቱን አንቆ ያስወጣዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ካላደረገው እኔ አደርገዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ወንድሜ አበባውን እንደ ቁልፎቼ በጣቱ ገፋ አደረገው።

«መብራቶቹ ካልተነሱ ፍራሽ አይገባም» አለ።

የማሳደግ ድካሜን ሁሉ አጎንብሼ ከመሬት የምለቅም መሰለኝ። እኔው ነኝ ቁልፍ የሰጠሁት፣ እኔው ነኝ ጠረጴዛዬን የለቀቅኩለት፤ እሱ አሁንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«አጎቴ» አለች ልጄ። ተኝታ አልነበረም። ዓይኗን አልከፈተችም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ቃሉ በግድ ነው የሚወጣው።

ወንድሜ ብድግ ብሎ ጆሮውን አስጠጋላት። «እዚህ ነኝ የኔ እናት። ይቅር በይኝ።»

«መጨረሻውን ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው» አለችው። «እስክነሳ ጠብቀኝ።»

እጇን ይዤ ነበር። ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። አላስተዋለችም።