ኪስ የሚገቡ ሥዕሎች

ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ በሚገኘው የማክሰኞ የሥዕል ክፍላችን፣ እረፍት ሲደርስ ሁሉም የሣለውን ወለሉ ላይ ይዘረጋል። የትራም ሾፌር ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ ብቻ የራሳቸውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። እርሳሳቸውን በቢላ ይቀርጻሉ፤ ፍቅፋቂውን በመዳፋቸው ይሰበስባሉ።

«ኪስዎ ሙዚየም ሆነ እኮ፣ ጋሼ» አለቻቸው አንድ ቀን አስተማሪያችን ጉኔል።

«የምታይልኝ ባለቤቴ ነበረች። ካረፈች ወዲህ ለማን ላሳይ?»



በዚህ ማክሰኞ ግን ሽማግሌው አንድ ወረቀት ከሌሎቹ ጎን አኖሩ። እንድንሥላት ፊታችን የተቀመጠችውን ሴት አልሣሉም፤ ወለሉ ላይ ያጎነበስነውን እኛን ነበር የሣሉት።

«እግሬን አወፈሩት» አለች ጉኔል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«እውነትሽን ነው። እስቲ ቁሚልኝ፣ ላስተካክለው።»